ብስክሌቱ የት ይቁም?

በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ብዙውን ጊዜ ብስክሌት የለመደው በኪራይ ነው። በየሰፈሩ አሮጌ ብስክሌቶች ደርድሮ በሩብ ሰዓት ሒሳብ የሚያከራይ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ሳንቲማችን ሲያልቅ ወርደን ለተረኛው እንለቃለን። ካደግን በኋላ ብስክሌትን የምናየው በውድድር ቀን ብቻ ሆነ። የልጅ መጫወቻ ወይም የስፖርተኛ መሣሪያ እንጂ ጎልማሳ ሰው ወደ ሥራው የሚሄድበት ነገር አድርገን አልቆጠርነውም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳንና አራት ኪሎን ይዞ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ይህን ልማድ ሊለውጥ የተነሣ ይመስላል፤ በእግረኛው መንገድ ጎን የብስክሌት መሥመር ተዘርግቷል። በጎውን ሳልናገር ማለፍ አልሻም። እግረኛው ከቦይና ከቆመ መኪና ጋር እየተጋፋ ያልፍበት በነበረው ስፍራ ዛሬ ሕፃን እጅ ይዞ መሄድ ይቻላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ይሆናል፣ ችግሩ መጀመሪያ የታየኝ በቃሉ ላይ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ስትራቴጂ እግረኛንና ብስክሌተኛን በአንድነት «ሞተር አልባ ትራንስፖርት» በሚል ስም ይጠራል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተመለሰ ነው። «አልባ» ደግሞ በእኛ ቋንቋ የእጦት ቃል ነው፤ ቤት አልባ፣ ወላጅ አልባ እንላለን። የከተማዋ ነዋሪ ብዙውን ጉዞውን በእግሩ እያደረገ፣ መጠሪያው የሌለው ሞተር ሆነ። የስትራቴጂው ሐሳብ መልካም ነው፤ ስሙ ግን ዛሬም መለኪያው መኪና እንደሆነ ያሳብቃል።

አሳሳቢው መለኪያው ከወረቀት ወደ መንገድ መውረዱ ነው። ወደ ፒያሳ የሚመጣ ሰው በአመዛኙ ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ባንክ፣ ወርቅ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ። ጉዞው የሚያልቀው ከአንድ በር ላይ ነው። እኔም አንድ ቀን የተዋስኩትን ብስክሌት ከአንድ ሕንፃ አጥር ጋር በሰንሰለት ሳስር ዘበኛው መጣ።

«ጋሼ፣ እዚህ አይቻልም።»

«መኪና ቢሆንስ?»

«መኪና ቢሆንማ ምድር ቤት አለልዎ።»

ወደ ምድር ቤቱ ይዤው ልውረድ ብል ደግሞ ለብስክሌት ቲኬት የለም ተባልኩ። በዘበኛው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የነገረኝ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባይ የምድር ውስጥ ማቆሚያ 1,400 ያህል መኪና እንደሚይዝ በየዜናው ተነግሯል። ስንት ብስክሌት እንደሚይዝ ሲነገር ግን አልሰማሁም። አንድ መኪና በሚቆምበት ስፍራ አሥር ያህል ብስክሌት ሊታሰር ይችላል፤ ለነጋዴውም ከአንድ ደንበኛ አሥር ይሻለዋል። የሚያስፈልገው የተተከለ ብረትና «ይቻላል» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ከድንጋይ ንጣፉ ወጪ አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚነሣው መከራከሪያ ዳገቱ ነው። እውነት ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና መውረድና ከለገሃር መመለስ አንድ አይደለም፤ ከተማዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ነገር ግን የአሥመራም ከፍታ ከዚህ አያንስም፣ ምንም እንኳ መሀል ከተማዋ ሜዳማ ቢሆን። እዚያ ሽማግሌው ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ በብስክሌት ወደ ገበያ ይወጣል። ቃሉን አማርኛውም ትግርኛውም ከጣሊያንኛ ወስደውታል፤ ልማዱ ግን እዚያ ቀረ። የአሥመራን ብስክሌተኛ ያኖረው ባለ ቀለም መሥመር አይመስለኝም፤ የመኪናው ማነስና እርጋታው፣ ደግሞም የከተማዋ መጠን ነው። ቤቱም ሱቁም ቅርብ ለቅርብ ናቸው።

በፒያሳ ግን ቅርብ የነበረው ነው የራቀው። በኮሪደሩ ሥራ የፈረሰው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰዎች ለብስክሌት እጅግ በሚመች ርቀት ይኖሩ ነበር፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። መሥመሩ በተዘረጋበት ወቅት ሊጠቀምበት የሚችለው ሰው ከአካባቢው ተነሣ። ከዚያ ሰፈር የወጣች፣ ዛሬም ፒያሳ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ሴት አውቃለሁ። በእግሯ በአሥር ደቂቃ ትደርስበት ወደነበረው ሱቅ አሁን ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ትመጣለች፤ ከአውቶቡሱ ወርዳም ባዶውን የብስክሌት መንገድ ተሻግራ ትገባለች።