ባልዲውን የሚያየው ማን ነው

የኮሌራ አልጋ መሃሉ የተቀደደ ሸራ ነው፤ ከቀዳዳው ሥር ባልዲ ይቀመጣል። ለአዲስ ሰው ይዘገንናል። በድንኳኑ ውስጥ ግን እንደዚያ ባልዲ እውነቱን የሚናገር መሣሪያ የለም፤ ታካሚው ያጣውን ፈሳሽ የምንተካው በባልዲው ልክ ነውና። ሐኪሙ ባልዲውን አያየውም። እኔ ነርሷም ደም ሥሩ የጠፋ ክንድ ላይ ካኑላ ይዤ አጎንብሼ ስለምውል ብዙ ጊዜ አላየውም። የምታየው፣ የምታነሳው፣ 2 በመቶ ክሎሪን ጨምራ የምትደፋው ጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኮሌራ በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ተነስቶ ድርቅ ወዳደከማቸው ሌሎች የኦሮሚያና የሶማሌ ወረዳዎች ሲዛመት፣ የሕክምና ድንኳኖች በጥድፊያ ተተከሉ። እንዲህ ባለ ድንኳን ከየቦታው የተላከ ሰው ይሰበሰባል፦ ሐኪም፣ ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከቀበሌው የተቀጠሩ ጽዳቶችና ክሎሪን ረጪዎች። ሁሉም ከሆስፒታሉ የለመደውን ደረጃ ይዞ ይመጣል። እዚያ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ኮሌራ ግን በሰዓታት ውስጥ ስለሚገድል ወሬው ከታች ወደ ላይ መድረስ አለበት፤ መንገድ ካላበጁለት ደግሞ አይደርስም።

የእኛ መንገድ ጠመኔ ነበር። አንድ ጤና መኮንን ከትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ተውሶ የአልጋ ቁጥር ጻፈበት። ጽዳቶቹ ባልዲ በደፉ ቁጥር መስመር ያሰምራሉ፤ ግማሽ ከሆነ አጭር መስመር። መጻፍ ማንበብ አይጠይቅም። በጠዋቱ ርክክብም አብረውን እንዲቆሙ ተደረገ። አንድ ሐኪም «ጽዳት እዚህ ምን ትሠራለች?» ብሎ ነበር፤ ክፉ ሆኖ አይመስለኝም፣ ሆስፒታል እንዲያ አስለምዶት ነው። መልሱን ያገኘው «ሲስተር፣ የጥጓ ሴትዮ ከማታ ጀምሮ ሽንት አልሸናችም» ሲባል ነው። ሽንት መመለሱ የገባው ፈሳሽ እንደበቃ ይነግረናል፤ ሲዘገይ ለኩላሊት ያሰጋል። ሴትየዋ ይህን በኦሮምኛ የነገረችው ለጽዳት ሠራተኛዋ ነው። ለእኔ ብትነግረኝስ መቼ እሰማት ነበር?

ከሁሉ በላይ ያከራከረን ፋርማሲስቱ ነው። ክፉኛ ለደረቀ 60 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ በ3 ሰዓት ውስጥ 6 ሊትር ሪንገር የተባለ ፈሳሽ በደም ሥሩ ይገባለታል፤ 1.8 ሊትሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት። እንዲህ ያሉ 10 ሰዎች በአንድ ሌሊት ከመጡ ባለ አንድ ሊትሩ ከረጢት 60 ያልቃል፤ ያውም ለመነሻ ብቻ። ፋርማሲስቱ ካርቶኑን ቆጥሮ ድንኳን ይገባና «ይሄኛው መጠጣት አይችልም?» ይላል። ነርስ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል፤ የመጋዘን ሰው ስለ ታካሚዬ ምን አገባው ያሰኛል። ጥያቄው ግን የሕክምና ጥያቄ ነው። ግሉኮስ ካልተሰቀለለት ታከመ የማይል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ እኛም የሰቀልነውን ማውረድ አንወድም። መጠጣት የቻለ ሰው ኦአርኤስ ይበቃዋል፤ የተረፈው ከረጢት ራሱን ስቶ በቃሬዛ ለሚመጣው ነው። ፋርማሲስቱ ርክክብ ላይ መቆም ከጀመረ ወዲህ ጥያቄውን እኛው ቀድመን እንጠይቅ ነበር።

በሩ ላይ አዛዡ የአካባቢ ጤና ባለሙያው ነው። 0.05 በመቶ ክሎሪን ለእጅ፣ 0.5 በመቶ ለወለልና ለጫማ። ረጪው «ዶክተር፣ ጫማዎን» ሲል ዶክተሩ ይቆማል። ካልቆመ በሽታውን የምናሰራጨው እኛው ነን።

የቡድን ሥራ ሥልጠናዎች ስለ መከባበር አብዝተው ያወራሉ። መከባበሩን አልጠላም፤ እኔ ያየሁት ግን ሰሌዳው ቀድሞ መከባበሩ ሲከተል ነው።

የማይዋጥልኝ ክፍያው ነው። ለእኛ አበል ይታሰባል፤ ለጽዳቶቹና ለረጪዎቹ የቀን ሒሳብ፣ ያውም ዘግይቶ። ድንኳኑ ሲነሳ እኛ የምስክር ወረቀት ይዘን ወደየሥራችን እንመለሳለን። ባልዲ አይታ «ይሄኛው ቀንሷል፣ ቀለሙም ተለውጧል» የምትለዋ ሴት ስሟ የሚገኘው በቀን ሠራተኞች የክፍያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሌላ ድንኳን ሲተከል ቀበሌው ሌላ ሰው ይልካል፤ እኛም ስለ ባልዲው ማስረዳት ከሀ እንጀምራለን።