ፊትና ጀርባ፦ የፊታውራሪ ገበየሁ ሞትና መቃብር እንደ ፍርድ

ፊታውራሪ ገበየሁ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተናዘዙት የሚባል ቃል አለ። ጥይት ከጀርባዬ ካገኘኝ በወደቅሁበት ልቅር፤ ከፊቴ ካገኘኝ ግን አጽሜን ለአገሬ አፈር አብቁት ብለዋል ይባላል። አነጋገሩ ከተራኪ ተራኪ ይለያያል፤ ፍሬው ግን አይለወጥም። ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በእርግጥ ብለውታል?» ብሎ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ዓድዋ ላይ የወደቀው ጀግና ብዙ ሆኖ ሳለ፣ የቁስሉ አቅጣጫ እንዲህ ተለይቶ የሚወራለት ስለ ምን ገበየሁ ሆኑ? መልሱ ያለው ከዓድዋ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ አምባ አላጌ ላይ ይመስለኛል።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣልያኑ ሻለቃ ፒየትሮ ቶዜሊ ከ2000 የሚበልጥ ጦር ይዞ አምባውን ተደግፎ መሽጎ ነበር። አብዛኞቹ ወታደሮቹ የአገሩ ተወላጅ አስካሪዎች ነበሩ። ራስ መኮንን ከጣልያኖቹ ጋር ገና ደብዳቤ እየተጻጻፉ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ጦርም አልደረሰም። ገበየሁ ግን ትእዛዝ ሳይጠብቁ ገጠሙ። የሌሎቹ መኳንንት ጦር ተከተለ፤ የቶዜሊ ጦር ተፈታ፤ አዛዡም ሞተ። የዘመቻው የመጀመሪያ ትልቅ ድል በዚህ መልክ ተገኘ። ያም ሆኖ ድሉን የጀመሩት ሰው «ያለ ትእዛዝ ጦርነት ከፈቱ» ተብለው መታሰራቸውና በኋላ መፈታታቸው በታሪክ ጸሐፍት ይወሳል። ስለዚህ ገበየሁ ወደ ዓድዋ የሄዱት ምሕረት ያገኘ እንጂ ነጻ የተባለ ሰው ሆነው አልነበረም።

እዚህ ላይ ማዕረጉን ራሱን ልብ እንበል። ፊታውራሪ ማለት ከሠራዊቱ ፊት ፊት የሚሄድ፣ መንገድ ከፋች የጦር አለቃ ነው። የገበየሁ ጥፋት የማዕረጋቸውን ስም ከትእዛዝ በላይ ማክበራቸው ነበር ማለት ይቻላል፤ ፊት እንዲሄዱ ተሾሙ፣ አብዝተው ፊት በመሄዳቸው ተከሰሱ። ኑዛዜው የክሱን ቃል መልሶ ያነሳዋል። ዳኛው ራስ መኮንን ወይም ንጉሠ ነገሥቱ መሆናቸው ይቀርና፣ የገበየሁ የገዛ አካል ምስክር ሆኖ ይቆማል። ቁስሉ ከፊት ከሆነ አምባ አላጌ ላይ ያስቸኮላቸው ድፍረት እንጂ ትዕቢት አልነበረም። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ወደቁ፤ የተረከው ሕዝብም ፈረደላቸው።

ይህ ዓይነት ትረካ የኢትዮጵያውያን ብቻ አለመሆኑን የተቃራኒው ወገን ያሳየናል። በጣልያኖቹ አተራረክ፣ ቶዜሊ ከአምባ አላጌ ሲያፈገፍግ ደከመውና ፊቱን ወደሚያሳድዱት አዙሮ ቆሞ ሞተ። ማፈግፈጉ የማይካድ ስለሆነ ትረካው የመጨረሻዋን ቅጽበት ብቻ ወደ ፊት አዞራት። ሁለቱም ወገኖች ለመኮንኖቻቸው የተጨነቁት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ሲሞት ወዴት ይመለከት ነበር? ልዩነቱ የሚመጣው ከሞት በኋላ ነው። የቶዜሊን አስከሬን ራስ መኮንን በክብር እንዳስቀበሩት ይነገራል፤ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ተመልሶ አገሩን ሲይዝ ደግሞ የአምባ አላጌ ምሽግና መተላለፊያ በቶዜሊ ስም ተጠራ። ጣልያን የሟቹን ስም በባዕድ ተራራ ላይ ተከለ። በገበየሁ ታሪክ ግን ስሙ ከዓድዋ ጋር ቀረ፣ አጽሙ ወደ አገሩ ተመለሰ።

አጽሙ ያረፈው ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ፣ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነው። እንደሚተረከው አስከሬናቸው መጀመሪያ እዚያው ዓድዋ ተቀብሮ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ወጥቶ ወደ ሸዋ ተጓዘ። ሰባት ዓመት የሚለውን ቁጥር ሃያሲ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ የሚታሰብ ሟች በሰባተኛው ዓመትም ተዝካር ይወጣለታል። ስለዚህ ቁጥሩ የዘመን ቆጠራ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ፍልሰቱን በተዝካር ሥርዓት ውስጥ የሚያስቀምጥ ምልክትም ሆኖ ይነበባል። ሁለቱ ንባቦች አይጣሉም።

የአጽሙ ጉዞ ምን ያህል እንደከበደ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1880 ዓ.ም. ሣር ውኃ ላይ በሱዳን ደርቡሾች ተሸንፈው ጎንደር ተቃጠለች። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ አስከሬናቸው ተማርኮ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ሲሰለፉ ያ ውርደት ገና የሰባት ዓመት ቁስል ነበር። አስከሬኑ የተማረከበት ትውልድ፣ አስከሬን ይዞ ወደ አገር መመለስን የድሉ ማረጋገጫ አድርጎ ቢያየው አይገርምም።

የገበየሁ መቃብር የሚነበበው እንግዲህ እንዲህ ነው። ቤተ መንግሥቱ በምሕረት ያለፈውን ክስ ኑዛዜው መልሶ ከፈተው፤ ቁስሉ መሰከረ፤ የአጽሙ ወደ አንጎለላ መመለስ ፍርዱን አጸና። ኑዛዜው ከሞታቸው በኋላ የተቀነባበረ ቢሆን እንኳ ፍርዱን አይሽረውም፤ የፈራጁን ማንነት ብቻ ይቀይራል፤ ራሳቸው ሟቹ ባይሆኑ ወገናቸው ፈርዶላቸዋል ማለት ነው። አምባ አላጌ ላይ ከሁሉም ቀድመው በመድረሳቸው የታሰሩት ፊታውራሪ፣ አገራቸው የገቡት ሠራዊቱ ሁሉ ከተመለሰ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሰው ትከሻ ነው።