ባዶ የቅሬታ መዝገብ

የወረዳ ባለሙያን ከሚገጥሙት ሥራዎች ራስ የሚያዞረው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ልየታ ነው። ኮታው ከላይ ተቆርጦ ይመጣል፤ ችግረኛው ከኮታው ይበልጣል። በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ከወረዳው ከተማ ከመርሳ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ አፋርን የሚያዋስነው ቆላ ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲወጣ ደጋው ይጀምራል፤ ግራና ላይ በመስኖ ሽንኩርትና ማንጎ የሚያለማ ገበሬ አለ። አንዱ ቀበሌ ዝናብ ቀርቶበት ሲጨነቅ ሌላው ያጭዳል። ወልድያ ለዞን የሚላከው ቅጽ ግን ለወረዳው በሙሉ አንድ አማካይ ቁጥር ይበቃዋል። የእኛ ሙያ ያ ቁጥር ማንን እንደ ሸፈነ ማወቅ ነው።

ወሎ ይህን ትምህርት በሰው ሕይወት ነው የከፈለበት። በ1965 ዓ.ም. የተራበው ገበሬ ዋናው መንገድ ዳር ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን እህል ይለምን ነበር፤ በመንገዱ ያለፈ ሹም ሁሉ አይቶታል። ወሬው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግን እየለዘበ ሄደ፤ ክፉ ዜና ይዞ መቅረብ ለሹመት አይበጅምና። የቀረው ዓለም ረሃቡን ያየው በ1966 መጀመሪያ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ቆይቶም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ።

በመጋቢት 1976 ኮሚሽኑ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቀ። ለጋሾቹ ቁጥሩን ተጠራጠሩ፤ መንግሥት ደግሞ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። ሕዝብ አለቀ። በመጀመሪያው ጊዜ ወሬው ታፈነ፤ በሁለተኛው ወሬው ደረሰ፤ ሰምቶ እንዲንቀሳቀስ የሚገደድ ግን አልነበረም።

በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ለዚህ ለሁለተኛው ጉድለት የተሰጠ መልስ ነው። እህል በየዓመቱ በልመና ከሚመጣ፣ ረሃብ የሚደጋገምበት ቤተሰብ አስቀድሞ ይታወቅና በጀቱ አስቀድሞ ይያዝለት ተባለ። መሥራት የሚችል በእርከንና በመንገድ ሥራ ይሳተፋል፤ አቅመ ደካማው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። የተመረጡት ስሞች በሕዝብ ፊት ይነበባሉ፤ ቅር ያለው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ከሁሉ የማደንቀው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ልሳሳት እችላለሁ ብሎ አስቀድሞ በር ከፍቷል።

በሩ መከፈቱ ብቻ ግን አይበቃም። ለሱፐርቪዥን የሚመጣ ቡድን የቅሬታ መዝገቡን ገልጦ ባዶ ሲያገኘው «ሕዝቡ ረክቷል» ብሎ ይጽፋል። እኔ ባዶ መዝገብ ሳይ የምጠይቀው ሌላ ነው። ስብሰባው የተጠራው በገበያ ቀን ነበር? ስሙ ሲነበብ ሴቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ? መራጩና ቅሬታ ሰሚው የአንድ ጎጥ ዘመዳሞች ናቸው? ከኮታው በላይ ችግረኛ ባለበት ቀበሌ አንድም ሰው ቅር ካላለው፣ ያልሰማ ወይም የፈራ አለ ማለት ነው።

ቅሬታ ሲመጣም ስም አርሞ መዝጋት ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ቅሬታዎቹን በምክንያታቸው መደርደር ነው። ከአንድ ጎጥ ተደጋግሞ ከመጣ ኮሚቴው ይፈተሻል። ከየቀበሌው አንድ ዓይነት ሆኖ ከመጣ፣ ለምሳሌ ጎጆ የወጡ ወጣቶች በአባታቸው ቤተሰብ ተቆጥረው ከቀሩ፣ ወይም የተፋታች ሴት ስም በቀድሞ ባሏ ቅጽ ላይ ከሰፈረ፣ ሊታረም የሚገባው ደንቡ ነው። «ምረቃ» የሚባለው ከሴፍቲኔት መውጣትም እንዲሁ ነው፤ ቤተሰቡ ጥሪት ስለያዘ ሳይሆን የተመራቂ ዕቅድ ስለወረደ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ድርቅ ተመልሶ ይመጣል።

ከስህተት እንዲህ መማር ግን በቢሮአችን አልተለመደም። ባለፉት ዓመታት ቢፒአር፣ ውጤት ተኮር፣ ካይዘን፣ 1 ለ 5 እየተባለ ብዙ የአሠራር ለውጥ ወርዶልናል። እያንዳንዱ የራሱ በጎ ሐሳብ ነበረው፤ አብዛኛው ቅጽ ሆኖ ቀረ። ያጸናነው «ምርጥ ተሞክሮ» የሚባለውን ነው፤ የተሳካው ተቀምሮ ይሰፋል፣ ያልተሳካው የትም አይጻፍም። ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲኬድ መንገድ ላይ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ በሙከራ ማሳ ላይ ድርቅ ያልቻለ የማሽላ ዘር ይመዘገባል፤ ውድቀቱ ራሱ ውጤት ነው፣ ተመራማሪውንም በዚህ የሚቀጣው የለም። በእኛ ቢሮ ግን ያልተሳካ ዕቅድ ባለቤቱን ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ዕቅድ በወረቀት ይሳካል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ይህ አካባቢ በጦርነት ውስጥ ሲያልፍ የመንግሥት ቢሮዎች ተዘርፈዋል። በቁም ሳጥን ብቻ የተቀመጠ ፋይል ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ዕውቀት አለ። በሕዝብ ጉባኤ የተነበበ ስምና የተሟገቱበት ምክንያት ግን ምስክር አለው፤ ዝርዝሩ እንደገና ሲዋቀር የሚጠየቁት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ግልጽነት ለጨዋነት ሲባል የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ሁለተኛ መዝገብ ነው።

ለዞንና ለክልል ኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። ወደ ወረዳ ስትወርዱ «ስንት በመቶ ፈጸማችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አልሠራ አላችሁ? ለምንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነቱን የነገራችሁን ባለሙያ በግምገማ አትቅጡት። እሱን የቀጣችሁ ዕለት፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሚደርሳችሁ ሪፖርት ያማረና የማይጠቅም ይሆናል።