ዘዴው ይታወቅ፣ ቁልፉ ይደበቅ

«አቦ፣ ይህን ሁሉ ፊደል ይዘን የፈረንጅ ምስጠራ ምን ያደርግልናል? ፊደሎቹን ራሳችን በምናወጣው ሠንጠረዥ ብናቀያይራቸው ማን ይፈታዋል?»

ይህን ያለኝ መልካ ጀብዱ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን በቅርቡ ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ከነጻ የንግድ ቀጠናው ወደ ደንበኞች የሚሄዱ የዲክላራሲዮን ሰነዶችን ስንመሰጥር እያየ ነበር። ለአገር ፊደል መቆርቆሩን እወድለታለሁ። ሐሳቡን ግን አልቀበለውም።

ሠንጠረዡን አማርኛ በደንብ የማያውቅ ሰው እንኳ ይፈታዋል። ኮምፒውተር የሚያየው ቁጥር ነው። መደበኛ ፊደሎቻችን ዩቲኤፍ 8 በተባለው የጽሑፍ ኮድ ሲጻፉ እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አይወጣም። እርስ በርስ ብታቀያይራቸው ይህ አይለወጥም። የቀረው ቆጠራ ነው፤ ከአራት ነጥብ በፊት «ነው» ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ማሰብ ይበቃል። ሊቁ አልኪንዲ የፊደላትን ድግግሞሽ ቆጥሮ የሚስጥር ጽሑፍ መፍታትን የጻፈው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፣ ያለ ምንም ማሽን።

ልጅ ሳለን የወፍ ቋንቋ ስናወራ ትልልቆቹ የማይገባቸው ይመስለን ነበር። ያስተማሩን ግን ታላላቆቻችን ነበሩ። ሚስጥሩ በዘዴው ላይ ያረፈ ምስጠራ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ አንድ ሰው ካወቀው ለሁሉም አለቀ።

የምስጠራ ሊቁ ኦጉስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 ይህን ቁርጥ አድርጎ አስቀምጦታል፦ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊኖረው አይገባም። ስለዚህ «የፈረንጅ» የሚለው ቃል አይዋጥልኝም። ኤኢኤስ የተባለውን የምስጠራ ዘዴ ሁለት ቤልጅጋውያን ቀመሩት፣ የዓለም ባለሙያዎች በአደባባይ ሊሰብሩት ሞከሩ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 መስፈርት አድርጋ አጸደቀችው። ዘዴው የማንም ይሁን። 256 ቢት ያለውን ቁልፍ የምናወጣው እኛ ነን፤ የራሳችን መሆን ያለበት እሱ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም የቁልፉ ነገር ነው። አንድ ደንበኛ ሰነዱን በደንብ መስጥሮ በቴሌግራም ይልካል፣ የይለፍ ቃሉን ደግሞ እዚያው ሥሩ ይጽፍልኛል። ለዚህ ሰው አዲስ ሠንጠረዥ ቢሠሩለት ምን ይረባዋል?

በዚህ ጉዳይ የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ሆኜ ለጎረቤቶቻችን ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣላቸውን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነበርኩ። ማን ገንዘብ እንደላከ፣ ማን እዚያ ሌላ ሚስት እንዳገባ ከባለጉዳዩ ቀድሜ አውቅ ነበር። አፌን እይዛለሁ ብለው ከማመን በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ዲፊ እና ሄልማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙትን ሳነብ እነዚያ ጎረቤቶች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ መንገዱ ላይ ያለው ሁሉ እየሰማቸው፣ ከሁለቱ በቀር ማንም የማያውቀው ቁጥር ላይ ይደርሳሉ! ለእኔ ይህ ሙያ ክብር ነው፤ ድሃ ሰው ደብዳቤውን ለመላክ የመልእክተኛውን ደግነት መለመን የለበትም።

ይህን እንዲያይ ልጁን በወረቀት አሠራሁት። 23 እና 5 ለሁሉም የታወቁ ናቸው። እሱ በልቡ 7ን ያዘ፣ እኔ 3ን። አምስትን ሰባት ጊዜ ከራሱ ጋር አባዝቶ ለ23 ሲያካፍል የቀረውን 17 ጮክ ብሎ ነገረኝ፤ እኔም በ3 ሠርቼ 10 አልኩት። እሱ 10ን ሰባት ጊዜ፣ እኔ 17ን ሦስት ጊዜ አባዝተን ስናካፍል ሁለታችንም 14 ላይ ደረስን። ቁጥሩ እንዲህ ሲያንስ የሰማ ሁሉ ይደርስበታል፤ 23 በነበረበት ቦታ 617 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ዝም ብሎ አየውና «ግን 10 ያለኝ አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

ከፊተኛው ጥያቄው ይህኛው እጅግ ይበልጣል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የወጣው፣ ቁልፉ የእገሌ ነው ብሎ የሚመሰክር አካል ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ነገ ከዚያ እንጀምራለን።