የማይወጣ እሾህ

መተማ ላይ እግሩን የታመመ ሰው ምክንያቱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ እሾህ ገብቶ ተሰብሮ ቀርቷል ይላል። ቆላው የግራር አገር ነውና ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። የሚያስቸግረው እሾህ የሌለበት እግር ነው። ጓደኛ በምላጭ ይፈልጋል፣ ሌላው በመርፌ ይጎረጉራል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ የመጀመሪያው ሕመም ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ አስቀድሜ የምለው «የሚያምህን ቦታ በአንድ ጣትህ አሳየኝ» ነው። አንዱ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል፣ በውስጥ እግሩ በኩል፣ አንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል። «ጠጠር የረገጥሁ ይመስለኛል፤ ወደ ጣቶቼ ይነዝረኛል፤ ጫማዬን አውልቄ ሳሸው ይሻለኛል» ይላል። ሌላው አንድ ቦታ መምረጥ ያቅተዋል። በመዳፉ ሁለቱንም ውስጥ እግሮቹን እየዳበሰ፣ ሌሊት እንደሚያቃጥለውና ልብስ እንኳ ሲነካው እንደማይችል ይነግረኛል። ሁለቱም የነርቭ ሕመም ነው፤ መነሻቸውም መድረሻቸውም ግን ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የተጨመቀ ነርቭ ነው። ወደ ጣቶች የሚሄዱት ነርቮች የእግር አጥንቶችን ጫፍ በሚያያይዘው ጅማት ሥር ያልፋሉ። ሰው በጣቶቹ ላይ ሲቆም ነርቩ ከጅማቱ ጠርዝ ጋር ይፋተጋል፤ ይህ ሲደጋገም ዙሪያው ጠባሳ እየያዘ ይወፍራል። ካንሰር አይደለም። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቶማስ ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1876 ስለጻፈበት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የውጭ መጻሕፍት በብዛት የሚያነሱት ጠባብ ጫማና ታኮ የሚያዘወትሩ ሴቶችን ነው። እዚህ ቆላው ላይ ግን የታኮውን ሥራ የሚሠራው አረም ነው ባይ ነኝ። በክረምት ከደጋ የወረደው የሰሊጥ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ ሲያርም የሰውነቱ ክብደት ያረፈው በታጠፉት ጣቶቹ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ያደረገው ፊቱ ጠባብ የሆነ ኮንጎ ጫማ ነው።

ስመረምር በአንድ እጄ የእግሩን ፊት ከግራና ከቀኝ ጨብጬ፣ በሌላው አውራ ጣቴ በአጥንቶቹ መካከል ከሥር ወደ ላይ እጫናለሁ። አንዳንዴ ቀጭ የሚል ነገር በጣቴ ሥር ያልፋል፤ ታማሚውም «እሱ ነው!» ብሎ እግሩን ይነጥቀኛል። ነርቩን ራጅ አያሳየውም። ከዚያ ባዶ እግሩን ወረቀት ላይ አቁሜ ዙሪያውን በእስክሪብቶ እስልና ጫማውን ከሥዕሉ ላይ አስቀምጣለሁ። መስመሩ ከጫማው ግራና ቀኝ ወጥቶ ሲያየው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቀኝም።

ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያው ከጫማው ነው። ፊቱ ሰፊ የሆነ በረባሶ ከጠባብ ኮንጎ ይሻላል። ከአሮጌ ሸበጥ ስፖንጅ ትንሽ ቆርጬ ጫማው ውስጥ እለጥፍለታለሁ። ዋናው ነገር ቦታው ነው፦ በሚያመው ነጥብ ሥር ከተለጠፈ ይብስበታል፤ ወደ ተረከዙ ሸሸት ብሎ ሲቀመጥ ግን የአጥንቶቹን ጫፍ ደግፎ ነርቩን ያሳርፈዋል። አረሙንም ተንበርክኮ እንዲያርም እመክረዋለሁ። በዚህ ካልተሻለው የስቴሮይድ መርፌ አለ፤ ሲደጋገም ግን የውስጥ እግርን ስብ ያሳሳል። ቀዶ ሕክምናው የመጨረሻው ነው፤ ነርቩ ተቆርጦ ሲወጣ በጣቶቹ መካከል ድንዛዜ ይቀራል።

ሁለተኛው ሰው የበለጠ ያስጨንቀኛል። የሁለቱም እግር ማቃጠል ስኳር ሊሆን ይችላል፤ አረቄ ሊሆን ይችላል፤ ኤችአይቪ ራሱ ወይም ያለ ቫይታሚን ቢ6 የተወሰደ አይሶኒያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ከሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ወዲህ በመተማ ዮሐንስ በኩል ከተሻገሩት መካከልም መድኃኒቱ የተቋረጠበት የስኳር ታማሚ ይገኛል። ሥጋ ደዌም መረሳት የለበትም፤ ስሜት የሌለው የቆዳ ለምጥ ካለ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ለማቃጠሉ ማታ በትንሽ መጠን የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን ይረዳል፤ ሰው ሁሉ የሚለምነው የዳይክሎፌናክ መርፌ ግን ለዚህ ነርቭ እምብዛም አይፈይድም።

ከሁሉ የምፈራው «ማቃጠሉ ተወኝ፤ ድኛለሁ» የሚለውን ነው። ስኳሩ ሳይስተካከል ማቃጠሉ ብቻ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ነርቩ ሞቷል ማለት ነው። ያ እግር ሚስማር ቢወጋው አያውቅም፤ ቁስሉ የሚታወቀው ሲሸት ነው፤ አንዳንዱም እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

በየጤና ጣቢያው ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ መርፌ ከማዘዛችሁ በፊት የታማሚውን ሁለቱንም ጫማ አስወልቁ። ዓይኑን አስጨፍናችሁ አውራ ጣቱን፣ መካከለኛውንና ትንሿን በጣታችሁ ጫፍ ነካ እያደረጋችሁ ይሰማው እንደሆነ ጠይቁ፤ ስኳሩንም ለኩለት። እናንተ የእርሻ ባለቤቶችም፣ ምላጩን ከሠራተኛው እግር አርቁና ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።