እየቀጠነ የሚሄድ ገመድ

ጅራፍ መግመድ የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ነው። ያስተማሩኝ፣ ጋሼ የምላቸው፣ እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ልጅ ሳሉ ጎንደር ውስጥ ከልጥ ይገምዱ ነበር፤ እዚህ ግን የቃጫ ገመድ ከመደብር ገዝተው መጡ።

«መጀመሪያ ፍታው» አሉኝ። ፈታሁት፤ ቃጫውን በውሃ አርጥቤ፣ በሦስት ከፍዬ ጎነጎንኩ። የመጀመሪያው ጅራፌ ከእጀታው እስከ ጫፉ እኩል ወፍራም ስለነበር ባወናጭፈው ባወናጭፈው አልጮኸም።

«ከእጅህ እየራቀ ሲሄድ መቅጠን አለበት» አሉኝ። በየስንዝሩ ጥቂት ጥቂት ቃጫ እየቀነሱ አሳዩኝ።

እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ክንድ የሰጠው ጉልበት ወደ ቀጭኑ በተጓዘ ቁጥር የሚያንቀሳቅሰው ክብደት ያንሳል፤ ፍጥነቱም ይጨምራል። ጫፉ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ የሚጓዘውን ድምፅ ይቀድማል፤ ጆሯችን የሚሰማው ጩኸትም ከዚያ የሚወለድ ነው። እረኞቻችን ይህን በጣታቸው ያውቁት ነበር።

ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ፣ የጅራፉ ድምፅ በታቦር ተራራ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው። ሦስተኛው ጅራፌ በዚያ ቀን፣ ከቤታችን አጠገብ ባለው መናፈሻ፣ ጮኸ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ድገመው» አሉ።

ዘንድሮ ለልጄ ቃጫ አርጥቤያለሁ።