በአንድ እጅ የሚዞር ቮልስ

የቆየ ቮልስ ታድሶ ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ቀለሙን ነው። የእኔን ዓይን የሚይዘው ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ላሜራው ተራቁቶ፣ በርና መስታወት የሌለው አካል አየር ላይ ሳለ የተሸከመው ብረት። ከፊት አንድ ቋሚ፣ ከኋላ አንድ ቋሚ፣ አካሉ በመሐላቸው በዘንግ እንደተሰካ ጥብስ ሲፈለግ በጎኑ ይተኛል፣ ሲፈለግ ሆዱን ወደ ጣሪያ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ማገላበጫ በውጭ አገር ተሠርቶ ይሸጣል። እኔ የምወደው ግን ባለሙያው ራሱ ቱቦላሬ ቆርጦ፣ ራሱ በይዶ ያቆመውን ነው። የሠሪው ጥንቃቄ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ይነበባል።

ቮልስ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ የመጨረሻው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ከፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ዋናው አሠራሩ አልተለወጠም፤ ወለሉ መሐል ለመሐል ከሚያልፈው ቱቦ ጋር ለብቻ፣ አካሉ ለብቻ፣ ሁለቱም ዙሪያውን በብሎን የተያያዙ። ብሎኖቹ ሲፈቱ ጥቂት ሰዎች አካሉን ተጋግዘው ያነሱታል። (ለእኛ ደግሞ ከመኪናነቱ ያለፈ ነገር አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር።)

ዝገቱ የሚደበቀው ከታች ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ፊት የሚሄደው ከበሮቹ ሥር ባሉ የላሜራ ሳጥኖች ውስጥ አልፎ ነው። ውሃ እዚያ ከገባ ሳጥኑ ከውስጥ ይበላል፣ ከውጭ ደህና መስሎ ይቆያል። ከታች ያለውን ብረት መሬት ላይ በጀርባ ተኝቶ መበየድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቀለጠው ብረት አንገት ላይ ይንጠባጠባል፣ ብየዳውም ራሱ ወደ ታች ይዘረጋል። አካሉ ሲገለበጥ ግን ከታች የነበረው ከላይ ይሆናል። በያጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይኑን ሥራው ላይ አድርጎ፣ ጠረጴዛ ላይ እንደሚሠራ ሰው ይሠራል።

ካየኋቸው ሁሉ የበለጠው ማገላበጫ ሁለት ቋሚዎች ብቻ ነበሩት፤ በወለል በኩል አንዱ በሌላው ውስጥ በሚገባ ቱቦላሬ ተያይዘዋል። ሠሪው መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ ያዝ ያዝ አደረገ፣ በስኳድራና በውሃ ልክ ለካ፣ ከዚያ አንድ ጎን ጥቂት፣ ተቃራኒውን ጎን ጥቂት እያለ በየደ። በአንድ ወገን ተቻኩሎ ቢበይድ ሙቀቱ ቋሚውን ወደዚያው ይስበው ነበር። ከቋሚዎቹ አናት ላይ አንዳንድ ወፍራም ቱቦ አለ፣ በውስጡ ቶርኖ ቤት ልኩ የወጣ ሌላ ቱቦ ይዞራል። ኩሽኔታ የለውም፣ ግራሶ ብቻ ነው። ይህን ወድጄዋለሁ፤ ቀስ ብሎ ለሚዞር ነገር ትንሽ ሰበቃ ጥሩ ነው፣ አካሉ ከእጅ አያመልጥም።

ሁለቱ ቱቦዎች ግን በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ሠሪው ሲባጎ ከአንዱ መሐል ወደ ሌላው መሐል ወጥሮ ነው ያረጋገጠው። አንዱ ከሌላው ትንሽ ቢያዘነብል አካሉ በዞረ ቁጥር ይጣመማል፣ ለማዳን የተሰቀለው ላሜራ እዚያው ይበላሻል።

የሥራው እምብርት ሚዛኑ ነው። አካሉ የሚዞርበት መስመር ከክብደቱ መሐል በላይ ከሆነ፣ ገልብጠው ሲለቁት ቀና ለማለት ይታገላል። ከክብደቱ መሐል በታች ከሆነ ደግሞ ቀና ሆኖ የቆመው በድንገት ይገለበጣል፤ ሰው የሚጎዳው ያኔ ነው። ልክ ሲመጣ በየትኛውም ማዕዘን ቢተዉት እዚያው ይቆማል። ቮልስ እዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ወለሉን ሻንሲው ላይ ትቶ ስለሚወጣ የቀረው አካል ክብደቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ወለላቸው ከአካላቸው ጋር የተበየደ መኪኖችን የለመደ ሰው መስመሩን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና ይሳሳታል። ሠሪው አካሉን የሚይዙትን ክንዶች ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ላሜራ ላይ ከላይ እስከ ታች ረጅም ቀዳዳ አውጥቶለታል። ብሎኑን ያላላል፣ በክሪክ ጣት የማይሞላ ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ያጠብቃል፣ ገፋ አድርጎ ይለቃል፣ ያያል። ደግሞ ያላላል። ሲጨርስ አካሉን በአንድ እጅ መዳፍ አዞረው፣ እጁንም አነሳ፤ አካሉ በጎኑ እንዳለ ቆመ።

ቆመ ብሎ ግን አላመነውም። ከፊተኛው ዘንግ ጋር ክብ ላሜራ በይዶ ዙሪያውን በየ15 ዲግሪው በስቶታል፤ አንድ ፔርኖ ሲገባ አካሉ ይቆለፋል። ቀዳዳዎቹ በሞረድ ተጠርገው አፋቸው ለስልሷል፣ ፔርኖውም ሳይንገዳገድ ይገባል። ማንም የማያየውን ይህን ማለስለስ እኔ ከቀለሙ አስበልጬ አደንቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ማገላበጫው ላይ አይሠራም፣ ጥሩ ባለሙያም ይህን ያውቃል። የማሞቂያ ሳጥኖቹ የሚቀየሩት አካሉ ገና ወለሉ ላይ በብሎን ታስሮ፣ የበሮቹም ክፍት ቦታ በቱቦላሬ ተወጥሮ ሳለ ነው። አየር ላይ ሆኖ ሳጥኑን የቆረጠ ሰው በሩ አልዘጋ፣ የብሎን ቀዳዳውም አልገጥም ይለዋል። ማገላበጫው ተራው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ የቀረው ብየዳ ይጨረሳል፣ በተዘጉት ሳጥኖች ውስጥ የቀረው ብናኝ አካሉ ሲገለበጥ ይራገፋል። ቀጥሎ ጸረ ዝገት ቀለም በቀዳዳቸው ይፈሳል፤ ሠሪው አካሉን በዝግታ ሲያዞረው ቀለሙ ብሩሽ በማይደርስበት ማጠፊያ ሁሉ ይሄዳል፣ የተረፈው በማዶ ወገን ሲንጠባጠብ ደግሞ መድረሱ ይታወቃል።

ክንዶቹ ላይ ለቮልስ የማያስፈልጉ ተጨማሪ ቀዳዳዎች አየሁ። ለምን እንደሆኑ ስጠይቀው ለፊያት 600 ነው አለኝ። የእሱ ወለል ከአካሉ ጋር አንድ ስለሆነ መስመሩን ዝቅ የሚያደርግበትን ቦታ ከአሁኑ በስቶ አስቀምጧል።